ከመኝታ ቤቱ የሚሰማው ሳል

የባሏ የባህሩ አርባ ከወጣ በኋላ፣ ልጇም ወደ ሥራዋ ወደ ሐዋሳ ከተመለሰች በኋላ፣ ታንጉት ጅግጅጋ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በሥራ ዘመኗ ከጠዋት እስከ ማታ ስሟ ሲጠራ ይውል ነበር፤ አሁን ግን ሳምንት ሙሉ «ታንጉት» የሚላት ሳይኖር የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

ባህሩ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከዓመታት በፊት ከቶጎ ውጫሌ አንድ የጋዝ ማሞቂያ ጭኖ መጣ፤ ከፊቱ እሳቱ የሚታይ፣ ከጀርባው ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት፣ ጉልበት የሚደርስ ሳጥን። የጅግጅጋን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ለማያውቅ ሰው ቅንጦት ይመስላል። ለእነሱ ግን አልነበረም። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ባህሩ ማሞቂያውን ወደ ግቢ አውጥቶ ጀርባውን ይፈታል፣ አቧራውን በብሩሽ ያራግፋል፣ ጋዝ የሚያስተላልፈውን ጎማ መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚተነፍስ ቦታ እንዳለ ይፈትሻል። ሲለኮስ ደግሞ መስኮቱን አንድ ጋት ያህል ይከፍተዋል።

«ጋዝ አቃጥለን መልሰን ብርድ እናስገባለን! ምን የሚሉት ሞኝነት ነው?» ትለው ነበር።

«እሳቱም እንደኛ አየር ይፈልጋል» ይላል እሱ፤ ከዚያ በላይ አይከራከርም።

የዚያን ዓመት ኅዳር ማሞቂያውን ግቢ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ታንጉት ከነአቧራው ለኮሰችው። መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፤ ነፋስ የሚያስገባውን ስንጥቅ በአሮጌ ሻሽ ወተፈችው። እሳቱ እንደ በፊቱ ሰማያዊ ሳይሆን ቢጫ ሆነ። እሷ ግን እንዲያውም ደስ አላት፤ ቢጫው የበለጠ የሚያሞቅ መሰላት።

ከዚያ ራስ ምታቱ ጀመራት። ከምሳ በኋላ ማሞቂያው አጠገብ ስትቀመጥ ግንባሯን ጠፍሮ ይይዛታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ያቅለሸልሻታል። ገበያ ስትወጣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ይተዋታል። ሐኪም ቤት ሄዳ «ሰው መሃል ስሆን ይሻለኛል፣ ቤቴ ስገባ ይብስብኛል» ብላ ብትናገር፣ ሐኪሙ ባሏ በቅርቡ መሞቱን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሐዘን ነው እናቴ፤ ጊዜ ይፈልጋል» አላት። አመነችው። ምን የማያሳምን ነገር አለው?

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከመኝታ ቤቱ ሳል ሰማች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ የባህሩ ሳል። ተነሥታ ለማየት እግሯ አልታዘዝላት አለ። መፍራት ሲገባት አልፈራችም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ሰማችው። ከዚያ ወዲያ ምሳዋን ቶሎ በልታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ማሞቂያውን ለኩሳ መጠበቅ ሆነ ሥራዋ። ለልጇ በስልክ «ደኅና ነኝ» ስትል አልዋሸችም፤ ራሷን እየፈለጣት ቢሆንም ቤቷ ውስጥ ሰው ነበራት።

ነገሩን የደረሰችበት ሌላ ማንም ሳይሆን የፊት ለፊት ጎረቤቷ ፋርቱን ናት። ፋርቱን ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ፣ አማርኛዋ ፈጣን የሆነ የአርባ ዓመት ሴት ናት። አንድ ቀትር ላይ ትኩስ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ መጥታ፣ ግማሽ ሰዓት ሳትቀመጥ ግንባሯን ያዘች።

«ኤዶ ታንጉት፣» አለች፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው፤ «ስገባ ጤነኛ ነበርኩ። አሁን ራሴ ሊፈነዳ ነው። እርስዎንም የሚያምዎ እዚሁ አይደል?»

«የኔስ ሐዘን ነው።»

«የእርስዎስ ሐዘን ይሁን፤ እኔ ምን ሆኜ?» አለችና ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ግድግዳው ላይ፣ ከማሞቂያው በላይ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥላሸት አየች። «ወላሂ ይኼ ነገር ጤና የለውም። ያጥፉት፤ ሻርማርኬን ልጥራ።»

ሻርማርኬ ገበያው ዳር የጋዝ ምድጃ የሚጠግን ሽበታም ሰው ነው። መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘጋ፣ ከዚያ በወተፈችው ሻሽ ላይ ዓይኑ አረፈ። ነቅሎ አውጥቶ መሬት ጣለው። ማሞቂያውን ግቢ አውጥቶ ሲፈታው፣ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በአቧራና በሸረሪት ድር ተደፍነዋል። ጎማውም ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በአዲስ ለወጠው።

«ግን እኮ ምንም አይሸትም ነበር» አለች ታንጉት።

«ጋዝ ሲያፈስ ይሸታል። ይሄ ግን ሌላ ነው። እሳት አየር ሲያጥረው የሚያወጣው መርዝ አይሸትም፣ አይታይም። በተዘጋ ቤት ከሰል አጭሰው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ሰምተው የለ? ያው ነው። ቢጫ ነበልባል ካዩ ያጥፉ። ሲለኩሱ መስኮት ይክፈቱ። በርቶ እያለ አይተኙ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠረግ። እስካሁን ማን ነበር የሚጠርገው?»

«ባለቤቴ።»

ሻርማርኬ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ታንጉት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ይኼ መርዝ... ድምፅ ያሰማል?»

«ያሰማል እንጂ! አንድ የሐርሺን ነጋዴ የሞተች እናቱ ስትጠራው ሰማሁ ብሎ ሲምል ነበር። አንጎል አየር ሲያጣ የሌለ ነገር ይሰማል» ብሎ ሳቀ። ፋርቱንም ሳቀች። ታንጉት ፊቷን አዙራ ሳህኑን ልታጥብ ገባች።

በሦስተኛው ቀን ራስ ምታቱ ለቀቃት። ምግብ ጣማት። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ መስኮቱ ጋት ያህል ተከፍቶ፣ ቤቱ ለብ አለ። ከመኝታ ቤቱ ግን ምንም አልተሰማም። ሰውነቷ ዳነ፣ ሰውየው ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሄደ። ይህን ለማን ይነግሩታል? ቀባሪም ለቀስተኛም የሌለው ሞት ነበር።

በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ታንጉት ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። ሻሹን ፈልጋ ስንጥቁን ወተፈች። ማሞቂያውን ለኩሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወደ መኝታ ቤቱ በር እያየች ጠበቀች። ለመሞት አልነበረም፤ ያንን ሳል አንዴ ብቻ ልትሰማ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። አየሩ ታፈነ፣ ግንባሯ ላይ የምታውቀው ክብደት ዳሰሳት። እና በዚያ ክብደት ውስጥ ባህሩ በየዓመቱ ግቢ ውስጥ ተንበርክኮ፣ አረፋውን አተኩሮ ሲያይ ትዝ አላት። ለማን ብሎ ነበር? መንገድ ላይ የሚያመሸው እሱ፣ ማሞቂያው አጠገብ የምታመሸው እሷ።

«ምን እያደረግሁ ነው?» አለች ጮክ ብላ። ቫልቩን ዘጋች፣ መስኮቱንም በሩንም ከፈተች፣ በነጠላ ጫማዋ መንገዱን ተሻግራ የፋርቱንን በር አንኳኳች።

ፋርቱን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ታንጉት ቆማ እንዳለች ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳሉንም፣ አሁን ያደረገችውንም። ፋርቱን የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም።

«ምን ይልዎት ነበር?»

«ምንም። ይስላል ብቻ።»

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርጉ።»

«አላደርግም።»

«ይማሉልኝ።»

ማለችላት። ፋርቱን ሻይ አቀረበችላት፤ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ አብረው ተቀመጡ። ከዚያ ፋርቱን ለቤተሰቡ እራት ማሰናዳት ነበረባት፤ በር ድረስ ሸኘቻትና ተመለሰች።

ቤቷ እስከዚያ ድረስ በሩ ተከፍቶ ስለቆየ እንደ ሜዳ ቀዝቅዟል። ታንጉት ማሞቂያውን አልለኮሰችም። ካፖርቷን ደረበች። ከዚያ ያን ሰሞን ሁሉ ወደ መኝታ ቤቱ ዞሮ የከረመውን ወንበር እየጎተተች ወስዳ፣ መንገዱ በሚታይበት መስኮት ሥር አዞረችው። አላፊ አግዳሚው ገና አልተቋረጠም። የምታውቀው ሰው አልነበረበትም፤ ቢሆንም ተቀምጣ ታየው ጀመር።