ከሺህ ሰው የተዋጣ መድኃኒት

ኮሶዬ ላይ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እስከ ደጅ ይመጣል። ባንቺአየሁ ጉሙን ባየች ቁጥር ፊቷን በእጇ ትዳብሳለች፤ ሕመሟ የሚነሣው በዚያ ወቅት ነውና። መጀመሪያ ከዓይኖቿ በታች ያለው አጥንት ይከብዳታል፤ ድንች ልትኮተኩት ጎንበስ ስትል ፊቷ ተነቅሎ መሬት የሚወድቅ ይመስላታል። ቀጥሎ አፍንጫዋ ይዘጋል፤ አረንጓዴ ንፍጥ፣ ትኩሳት፣ ከዚያም ሳል ይከተላል። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ሳይነስ ነው» ይሏትና ክኒን ይሰጧታል። ይሻላታል። ክኒኑ ካለቀ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ይመለስባታል። እንዲህ እያለች ዓመታት ገፋች። ማሽተት ከተዋት ቆይቷል፤ ወጥ ማረሩን የምታውቀው ጭሱን በዓይኗ ስታይ ነበር።

ባሏ ክንዱ በዕድሜ ይበልጣታል፤ ዝምተኛ ገበሬ ነው። ፋሲካ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። መንደሩ ስለ ባንቺአየሁ የሚያማውን ሁለቱም ያውቃሉ። ኤችአይቪ ደጋግማ ተመርምራ ነፃ ነሽ ተብላለች፤ ሰው ግን አላመነም። ማኅበር ሲወጣ የእሷ ዋንጫ ለብቻው ይቀመጥ ጀመር። ማንም ምንም አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጠበልም ገብታለች። ሲሻላት አመስግና፣ ሲመለስባት ደግሞ «ኃጢአቴ ይሆናል» ብላ ተቀምጣለች።

አንድ ነሐሴ ማለዳ ግራ ዓይኗ አልገለጥ አላት። ክንዱ ከበረት ሲመለስ ዓይኗ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ወደ ውጭ ገፍቶ አገኘው።

«ምነው ትላንት አልነገርሽኝ?» አላት።

«ትላንትማ እንደ ወትሮው ነበር» አለችው።

ልጅቱን እህቱ ዘንድ ትቶ፣ ከደባርቅ የሚመጣ መኪና አስቁሞ ሚስቱን ወደ ጎንደር አወረዳት።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው የአንገት በላይ ሐኪሟ ዶክተር ዐዚዛ ናት። እዚያው ጎንደር ተወልዳ ያደገች፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በጨርቅ ንግድ ከሚታወቅ ቤተሰብ የወጣች፣ ገና ወጣት ሴት ነች። የባንቺአየሁን ዓይን በጥንቃቄ ገልጣ አየች፤ ራጅ አስነሣቻት፤ ከዚያ ለሁለቱም ነገረቻቸው።

«በፊታችን አጥንት ውስጥ ባዶ ክፍሎች አሉ። ያንቺ በመግል ሞልተዋል። መግሉ አሁን አጥንቱን አልፎ ወደ ዓይንሽ እየሄደ ነው። ዛሬውኑ ካላፈሰስነው ዓይንሽን ይወስደዋል፤ ከዚያም አልፎ ወደ አንጎልሽ ሊገባ ይችላል።»

ክንዱ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። «አድርጉላት» አለ።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ባንቺአየሁ በማግሥቱ ዓይኗን ስትገልጥ መስኮቱን አየችው፤ ከመስኮቱ ማዶ የጥድ ዛፍ ነበር። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለየብቻው ይታያት ነበር።

ዶክተር ዐዚዛ ግን በዚያ አላበቃችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠይቃት ጀመር።

«ልጅ ሆነሽ ጆሮሽን ያምሽ ነበር?»

«መቼ ደርቆልኝ ያውቃል፤ ሲመግል ነው ያደግሁት።»

«የሳንባ ምችስ?»

«ሁለቴ ተኝቻለሁ። አንዴማ ተገንዤ ነበር ማለት ይቻላል።»

«ወንድም፣ እህት አለሽ?»

«አዳነ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እንደኔው ሲያስለው፣ ሲያተኩሰው ኖረ። ሳያድግ ሄደ።»

ዶክተር ዐዚዛ ጥያቄዋን አቆመች። «አፍንጫሽን ብቻ ባክም ከዓመት በኋላ እዚሁ አልጋ ላይ አገኝሻለሁ» አለቻት። «ደግሞ ደጋግሞ የሚጥልሽ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን።» ደሟን ቀድታ አዲስ አበባ ላከችው።

ውጤቱ የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ባልና ሚስት ከኮሶዬ ወርደው ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ።

«በሁላችንም ደም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ዘበኞች አሉ» ብላ ጀመረች። «አንዴ ያገኙትን ጀርም መልኩን ይይዙታል። ሌላ ቀን ሲመጣ ገና ከደጅ ይለቅሙታል። ያንቺ ሰውነት እነዚህን ዘበኞች መሥራት አልቻለም፤ በደምሽ ውስጥ ያሉት ከምንም አይቆጠሩም። ክኒኑ የገባውን ጠላት ይገድልልሻል፤ ሲያልቅ ግን በሩ እንደገና ባዶ ነው። ለዚህ ነው የሚመላለስብሽ።»

«ከማን ያዘኝ?» አለች ባንቺአየሁ።

«ከማንም። አፈጣጠርሽ ነው። ለማንም አታስተላልፊም፤ አብሮሽ የበላ፣ አብሮሽ የጠጣ አይያዝም። ያጠፋሽው ነገር የለም።»

ባንቺአየሁ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ክንዱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እንግዲህ እስካሁን የኖርሁት ያለ ዘበኛ ነው?» አለች ባንቺአየሁ ፊቷን ገልጣ።

«ያለ ዘበኛ ነው። እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። እስከዚህ ዕድሜሽ ድረስ፣ በዚያ ብርድ፣ ልጅ ወልደሽ፣ እርሻ አርሰሽ።»

ባንቺአየሁ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። የተሰነጣጠቁ፣ አፈር የገባባቸው እጆች ናቸው። እንደዚያ አድርጋ አይታቸው አታውቅም።

ከዚያ ምን መደረግ እንዳለበት ተነጋገሩ። ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ጨው በልክ አድርጋ በየቀኑ አፍንጫዋን ታጥባለች። ክረምቱን በሙሉ ሐኪሟ ያዘዘችላትን ክኒን ሳታቋርጥ ትወስዳለች። ትኩሳት ከተሰማት ቀን ሳትቆጥር ትወርዳለች።

«ማድቤታችሁ ጭስ አለው?» አለች ዶክተር ዐዚዛ።

«ምን ጠፍቶ» አለች ባንቺአየሁ።

ቤት እንደገቡ ክንዱ ዶማውን አንሥቶ ከቤቱ ፈንጠር ብሎ ለአዲስ ማድቤት የምሰሶ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። አዲሱ ማድቤት ጭስ መውጫ ያለው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ያን ሰሞን ማኅበር ወጥቶ ሳለ ደግሞ፣ የሚስቱን ዋንጫ ለብቻው ሲያይ ተነሣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ክንዱ በሰው ፊት ሲናገር ማንም ሰምቶት አያውቅማ።

«የሚስቴ በሽታ የሚጋባ ቢሆን መጀመሪያ እኔ በሞትሁ» አለ። ዋንጫዋን አንሥቶ ጠጣና ተቀመጠ።

የጎደሏትን ዘበኞች የሚተካላት ዋናው መድኃኒት ግን ጎንደር ፋርማሲ የሚገኝ አልነበረም። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ከውጭ አገር እየለመኑ ለጥቂት ሕሙማን ያስመጡት ነበር። ዶክተር ዐዚዛ ደጋግማ ደውላ ባንቺአየሁን ከእነዚያ ሕሙማን ተርታ አስገባቻት። መድኃኒቱ ከጥምቀት በኋላ ደረሰ።

ባንቺአየሁ አልጋ ላይ ተጋድማ፣ መርፌው ክንዷ ላይ ገብቶ፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ጠርሙስ ታያለች። ውስጡ ያለው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ዶክተር ዐዚዛ ራሷ አጠገቧ ቆማ፣ ጠብታው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ታስተካክላለች።

«ይህ ከምን የተሠራ ነው?» አለች ባንቺአየሁ።

«ከሰው ደም።»

«ደም አይመስልም።»

«ቀዩ ወጥቶለታል። የቀሩት ዘበኞቹ ናቸው። ሌላ ሰው የሠራቸው ዘበኞች።»

«የማን?»

«የአንድ ሰው አይደለም። አንድ ጠርሙስ እንዲህ ሆኖ እንዲወጣ ከሺህ ሰው በላይ ደሙን ይሰጣል። ያ ሁሉ ተቀላቅሎ፣ ተጣርቶ ነው።»

ባንቺአየሁ ጠርሙሱን አየች፤ ሐኪሟን አየች፤ እንደገና ጠርሙሱን አየች። አንድ ሺህ ሰው ስትል የመጣባት የትክል ድንጋይ ገበያ ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ አህያ የሚነዳው፣ እህል የተሸከመው፣ የሚከራከረው፣ በቀጭኑ ቱቦ በኩል ድምፅ ሳያሰማ ወደ እሷ እየመጣ ነው።

ክንዱ ከጥግ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ ክርስቲያኖች ናቸው?»

ዶክተር ዐዚዛ ፈገግ አለች። «አላውቅም፣ አያ ክንዱ። የእናንተም ይኖርበታል፣ የእኛም ይኖርበታል፤ ምንም የማያምንም ይኖርበታል። እዚህ ውስጥ ግን ተለያይተው አልተቀመጡም።»

ክንዱ ጥቂት አሰበና «ይሁን፤ ሁሉንም ይባርካቸው» አለ።

«ያውቁኛል?» አለች ባንቺአየሁ።

«አያውቁሽም። ለማን እንደሚደርስ ሳያውቁ ነው የሰጡት።»

የባንቺአየሁ ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር። ስም ጠርታ ልትጸልይላቸው አትችልም፤ ስለዚህ «አንተ የምታውቃቸው፣ አንተ የምታውቃቸው» ትል ነበር፣ ጠርሙሱ እስኪያልቅ።

መድኃኒቱ ሁልጊዜ በጊዜው አልመጣም። አንድ ሰሞን ተቋረጠና ፊቷ እንደገና መክበድ ጀመረ፤ በዚያው ቀን ወረደች፤ ዶክተር ዐዚዛ ቀድማ ደረሰችበት፤ ዓይኗም አላበጠም። በሚቀጥለው ክረምት ጉሙ መጣ፤ ሄደ። እሷ ድንቿን እየኮተኮተች ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን እርጥብ አፈር ስትገለብጥ አንድ ነገር አፍንጫዋን ነካው። ቆም ብላ አፈሩን አነሣችና አሸተተችው። ከዚያ የድንቹን ቅጠል፣ ከዚያ የገዛ እጇን። ክንዱ ከማዶ ሆኖ «ምን ጠፋብሽ?» ቢላት፣ «ምንም፤ ተመለሰልኝ» አለችው።

አንድ ስጋት ግን አልለቀቃትም። ፋሲካን ጆሮዋን ባመማት ቁጥር የወንድሟ የአዳነ ፊት ይመጣባታል። በመጨረሻ ልጅቱን ይዛ ወረደች። ደሟ ተወሰደ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ባንቺአየሁ እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች።

ዶክተር ዐዚዛ ውጤቱን አይታ ቀና አለች። «ምንም አልጎደላትም። ዘበኞቿ ሙሉ ናቸው። ጆሮዋ እንደማንኛውም ልጅ ጆሮ ነው የታመመው።»

«እኔ ሳልሰጣት ከየት አመጣችው?»

«ራሷ ትሠራዋለች። ቀንም ሌሊትም፣ ስትጫወትም ስትተኛም።»

ባንቺአየሁ ልጇን ዞራ አየቻት። ፋሲካ ወንበሩ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ዳቦ ትገምጣለች፤ ፍርፋሪው ቀሚሷ ላይ ተበትኗል። ባሕር ተሻግሮ፣ ከሺህ ሰው ተዋጥቶ፣ በስንት ልመና የሚመጣው ነገር በዚህች ትንሽ ልጅ ውስጥ አሁን፣ እዚሁ፣ እየተሠራ ነው። ልጅቱ አታውቅም።

«እማ፣ ምን ታይኛለሽ?» አለች ፋሲካ።

«ዝም ብለሽ ብዪ» አለቻት ባንቺአየሁ፤ ዓይኗን ግን ከእሷ ላይ አላነሣችም።