ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ሳንቲም

እኔ አፈ ቅቤ ሰው አላምንም። የማዕድን ኩባንያው ሰውዬ በደሴታችን ካናላ በምትባል መንደር ያለው ጎጇችን ገብቶ ጨርቅና ትምባሆ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ፤ ከላዩም የሚያብረቀርቅ የኒኬል ሳንቲም ጣል አደረገ። እኛ የደሴቱ ነባር ሕዝብ ካናኮች ዘንድ የተቀመጠውን ያነሳ ሰው የተባለውን ቃል ተቀበለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ማንም ንክች አላደረገውም።

«ለሰላምታ ያህል ነው» አለ ሰውዬው። «ኒኬሉም ከራሳችሁ ተራራ የወጣ ነው።»

«የራሳችንን ሰጥተኸን ልናመሰግንህ?» አለች አክስቴ ማዴሌን። «ደሞ ለሰላምታ የመጣ ሰው መቆፈሪያ ጭኖ ይመጣል እንዴ?»

የጎሳችን ሽማግሌ አጎቴ ፑሩዌ እጁን እንዳጣመረ፣ «እንግዲያው የኔም ቃል እዚሁ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ፦ ተራራችንን አትነካም» አለ።

ሰውዬው ተናደደና ጨርቁን ከነሳንቲሙ አፈፍ አድርጎ ተነሳ።

አጎቴ ያኔ ነው ፈገግ ያለው። «አነሳኸው አይደል? በል፣ ቃልህን ጠብቅ።»