መንገድ የሚሻገር ትራምፔት

ሐኪሙ ከግራ ሳንባዋ ግማሹን ቆርጦ ሲያወጣ «ከእንግዲህ ትራምፔቱን እርሺው» ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ እርሺ ስለተባለች የምትረሳ ሴት አይደለችም። ከአልጋዋ እንደተነሳች ሻማ እፍ ማለት ጀመረች፤ ከዚያ ፊኛ መንፋት፣ ከዚያ ከንፈር የሚያርፍበትን የትራምፔቱን ጫፍ፣ ማውዝፒሱን ብቻ፣ ጎረቤት በጥዝዝታው ተማሮ ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ። ይደብድብ፣ ምን ገዷት! የትያትር ቤቱ ኦርኬስትራ የዋናውን ትራምፔት ነፊ ወንበር ለውድድር አውጥቷል። ወንበሩ የእሷ ነበር። ስትታመም በጊዜያዊነት የተቀመጠበት የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቁመቱ ጉበን እየነካ እሷ ዛሬም «ጩጬ» የምትለው። እሱም ይወዳደራል።

የድሮ ትራምፔቷ በሕመሟ ሰሞን ተሽጦ መድኃኒት ሆኗል። ስለዚህ ጩጬን አስከትላ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሄደች። ሻጩ ሁለት ትራምፔት አወጣላት። ትልቁ ቧንቧው ሰፋ ያለ፣ ድምፅ የሚወጣበት አፉም ገና ከሩቅ ጀምሮ እየተከፈተ የሚመጣ ነው፤ የድሮ ትራምፔቷ ቁርጥ ወንድም። ትንሿ በቧንቧ ስፋት የምታንሰው ከጥፍር ውፍረት እንኳ ባልሞላ ነው፤ አፏ ግን ጠቦ ጠቦ ይመጣና ጫፉ ላይ ብቻ ይከፈታል።

ትራምፔት ብቻውን ሄዶ የሚመርጥ ነፊ የለም። ድምፁ የሚሄደው ወደፊት ነው፣ ነፊው የቆመው ከኋላ። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው ይባል የለ? የነፊ ጆሮም እንደዚያው ነው። ስለዚህ አንዱ ይነፋል፣ ሌላው ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ሻጩ ሁለቱ ለአንድ ወንበር እንደሚፎካከሩ ሲሰማ ሳቁ መጣ፤ ተቀናቃኝሽን ነው ወይ አማካሪ ያደረግሽው አላት። የምፈልገው ጆሮውን ነው፣ ጆሮው ደግሞ አይታማም አለችው።

ጩጬ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው ፋርማሲ ግድግዳ ፊቱን አዞረ። በሩ ተከፈተ፤ አንዱን ዜማ በሁለቱም ነፋች። በትልቁ ስትነፋ የመደርደሪያው መስታወት ነዘረ፣ ሱቁ ሞላ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የድሮዋ እሷ ተመልሳ የመጣች መሰላት። ትንሿ ግን በጆሮዋ ደረቅ፣ ቀጭን ሆነችባት። ጩጬ ሳይመለስ ትልቁ ተመረጠ፤ ሻጩም ሳጥኑን ፍለጋ ጎንበስ አለ።

ጩጬ ገብቶ የሳጥኑን ክዳን አየ። ዝም ብሎ ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም፤ እህቱ ራሷ መርጣለች።

«እትዬ፣ ትልቁ መንገዱን አልተሻገረም።»

ደሟ ፈላ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሷም ትልቁን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ የሕፃን መጫወቻ ይዤ ፈተና ገብቼ እንድዋረድልህ ነው አይደል አለችው። ከዚያ ትልቁን ለራሱ አስያዘችው፤ ንፋው ብላ እሷ ተሻገረች። ከፋርማሲው ግድግዳ ስር ሆና ስትሰማው ድምፁ ሙሉ ሆኖ፣ አንድም ሳይጎድል መጣ። እንደ እብድ ተመልሳ ገባች።

«ይኸው ተሻገረ! ምን ትላለህ?»

«በእኔ ሳንባ ነዋ» አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ቧንቧው በሰፋ ቁጥር ትንፋሽ እንደሚበላ፣ አፉ ቀድሞ የተከፈተ ትራምፔት ድምፁን ለነፊው አፍስሶ እንደሚጨርሰው፣ ይህን ሁሉ ለተማሪዎቿ ስታስተምር የኖረችው እሷ ነች። ለራሷ ሲሆን ነው መስማት ያልፈለገችው። እውነቱ አመማት። ጩጬንም አሞታል።

«ትንሿስ?» አለችው በመጨረሻ።

«ትንሿ ጀርባዬን መታችኝ። እውነቴን ነው እትዬ፣ ፈራሁ። ወንበሩ ሄደብኝ አልኩ።»

ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ያላዘነላት የለም። ዘመድ ያዝንላታል፣ ኦርኬስትራው ያዝንላታል፣ ግድግዳ መደብደቡን የተወው ጎረቤት ሳይቀር ያዝንላታል። የፈራት ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ወንድሟን ቀና ብላ ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረች።

«ትንሿን ይጠቅልሉልኝ» አለች።