በለንሳ ስም

ዕዳ ተገኘብሽ የተባለ ሰው ይደነግጣል እንጂ እልል ይላል? ድንቅቱ ግን እልል አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2003 ዓ.ም. አምቦ ላይ፣ ድንች ቸርቻሪዋ ድንቅቱ ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር እርስ በርስ ዋስ ሆነው ለመበደር ብድርና ቁጠባ ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊው ኢብሳ መዝገቡን አገላብጦ፣ "እናቴ፣ በእርስዎ የቤት ቁጥር ያልተከፈለ ብድር አለ። ለንሳ ሌታ፣ ዘንድሮ ጌዶ ላይ የወሰደችው። እሱ ሳይዘጋ ለእርስዎም ለቡድንዎም አይሰጥም" አላት።

ለንሳ ልጇ ናት። ሥራ ፍለጋ ብላ ከወጣች አምስት ዓመቷ፤ ሦስቱን ዓመት ድምጿ ጠፍቷል።

"ዘንድሮ? ዘንድሮ ነው ያልከው? ሃሌሉያ! ልጄ አለች!"

ጎረቤቶቿ አበደች ብለው እጇን ያዙ። ብድራቸው ተሰናክሎ እልልታ! እሷ ምን ገዷት፤ የሞተ ሰው አይበደርም።

በዚያው ወደ ጌዶ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። "ነግዳ ይሆናል፣ ወልዳም ይሆናል" እያለች አጠገቧ የተቀመጠውን ሁሉ አደረቀችው።

የጌዶው ቢሮ ኃላፊ ኦቦ ዱጋሳ ተበዳሪዋን አስጠራላት። በበሩ የገባችው ሌላ ሴት ናት። መታወቂያውን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠች፤ ስሙ የለንሳ፣ ፎቶው የራሷ።

"ይቺ ልጄ አይደለችም" አለች ድንቅቱ። "ልጄስ?"

ሴትዮዋ እግሯ ላይ ወደቀች። "ኡርጌ እባላለሁ። ከለንሳ ጋር አንድ ቤት ነበር የተከራየነው። ታማ ሦስት ቀን አልቆየችም። በእጄ ነው ያጠብኳት፤ ይኸው ሦስት ዓመቷ።"

"አድራሻዬ እዚህ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? ሰው መላክ አቃተሽ?"

"ከአገሬ ያለ መሸኛ ነው የመጣሁት። መሸኛ ከሌለ መታወቂያ የለም፣ መታወቂያ ከሌለ ብድር የለም። መርዶ ብልክ መታወቂያውን ይወስዱብኛል ብዬ ነው።"

አይ ሰው! ለአንዲት ብጣሽ ካርቶን ብለህ እናትን ሦስት ዓመት ደጅ ደጁን ታሳያለህ?

ዱጋሳ ወረቀት ጽፎ አነበበላት። ለንሳ ሞታለች፣ ዕዳው የኡርጌ ነው፣ የለንሳም ስም የቤቱም ቁጥር ከተበዳሪ ይሰረዛል ይላል። ድንቅቱ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ጫነች። እንባ ጠብ አላላትም። ከዚያ መታወቂያውን ከጠረጴዛው አነሳችና ፎቶው የተለጠፈበትን በጣቷ ዳበሰችው።

"እዚህ ላይ የነበረው የሷ ፎቶስ? ልጄ በዕድሜዋ የተነሳችው እሱን ብቻ ነው። እሱን ስጪኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም።"

ኡርጌ ቀና ማለት አቃታት። "ልጬ እሳት ውስጥ ጨመርኩት፣ እናቴ።"

ድንቅቱ ያን ጊዜ ጮኸች።