እማማ አትጠገብ ያስወጧት መስኮት

«ምች ነው የመታት። ጋቢ ደርቡላት» አለች የኔአለም።

ደረቡላት። በላዩ ላይ ሌላ ደገሙላት። የብርጓል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከውስጠኛው መደብ ላይ ተቀምጣለች። ቦታው ለሟች እጅግ ለቀረበ ሰው የሚለቀቅ ነው፤ ትናንት የተቀበሩትን አማቷን፣ እማማ አትጠገብን፣ እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው እሷ ስለሆነች ያለ ክርክር ተሰጣት። አሁን ላቡ ከደረቷ ተነስቶ አንገቷን አልፎ ግንባሯ ላይ ደርሷል። ጮቄ ተራራ ሥር ባለችው ሮብ ገበያ በዚህ ወቅት የሚያልበው ሰው የለም፤ ለቀስተኛው ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሴቶቹ ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። አንዷ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወጣች። ሌላዋ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ለአማት እንዲህ የሆነች ምራት አላየሁም፤ ሌላ ነገር ቢኖርባት ነው» ስትል አንሾካሾከች።

የኔአለም የሟች ልጅ ናት፤ መርዶ ሰምታ ከደምበጫ የመጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የታመመ ሰው ባየች ቁጥር ግን መላውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ገና እንደገባች ከመደቡ በላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት አይታ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ለቀስተኛው በብርድ ይለቅ?» አለችና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀጠቀቻት። የብርጓልም አልከለከለቻትም። ሐዘን ላይ ተቀምጦ ስለ መስኮት ማን ያወራል?

መስኮቷ ሳትወጣ በፊት የብርጓል የምትሞት መስሏት ነበር። የወር አበባዋ አንዳንዴ ወራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ ከቤት አላስወጣ ይላል። እንቅልፍ አጣች። አንድ ቀን ገብስ ሲያርሙ ባሏ እንዳላማው ውኃ አቀብይኝ ስላላት ብቻ ጀሪካኑን መሬት ላይ ወርውራ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እሱ ደንግጦ ቆመ። እማማ አትጠገብ ግን አረማቸውን ትተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ያልብሻል?»

«ያልበኛል፣ እማማ።»

«ከዚያ ደግሞ ይበርድሻል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል፤ አልፌበታለሁ እንጂ። የሚያስረዳኝ አጥቼ፣ መድኃኒት አድርጋብኝ ነው እያልኩ ጎረቤቴን ስጠረጥር ኖርኩ። ዕድሜ ነው፣ ልጄ። አበባሽ ሊሰናበት ነው።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ። ሲስተር ወንጌላዊት መረመረቻትና ያንኑ ደገመችላት፤ አበባው ጨርሶ ከመቆሙ በፊት ለዓመታት እንዲህ ሊያደርጋት እንደሚችል፣ ደሙ ከበዛባት ግን ችላ ሳትል እንድትመለስ ነገረቻት። የብርጓል ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ ቀሎ ነበር። ምን እንደሆነ የታወቀ ነገር ያን ያህል አያስፈራም።

እራት ላይ እማማ አትጠገብ ልጃቸውን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ሁሉንም ነገሩት። እንዳላማው አንገቱን ደፍቶ ያችኑ ጉርሻ ሲያገላብጥ ቆየ።

«ሰማህ?» አሉት።

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው ነገ ከመደቧ በላይ ግድግዳውን ቅደድና መስኮት አውጣላት።»

«በዚህ ብርድ? አንቺስ፣ እማ?»

«እኔ ጋቢ አለኝ።»

መንደሩ ሳቀባቸው። ጮቄ ሥር ሰው ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ መቼ ይከፍታል? ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ሲመጣባት የብርጓል መጀመሪያ ጋቢውን አንስታ የአማቷን ጉልበት ትሸፍናለች፤ ቀጥላ መስኮቷን ትከፍታለች። እሳቸውም ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ «በደንብ ክፈቻት» ይሏት ነበር።

ዳማከሴው መጣ። የኔአለም በመዳፏ እያሸችው «ሠልስቱ ሲያልፍ እኔ ጋ እወስድሻለሁ። እስከዚያ ጓዳ ገብተሽ ተኚ፤ እዚህ እኔ እቀመጣለሁ» አለቻት።

ይኼኛው የብርጓልን ነካት። ያን ቦታ መልቀቅ ለእማማ አትጠገብ ባዳ መሆን ነው። በሽተኛ ተብሎ ጓዳ መግባት ደግሞ እሳቸው የደከሙላትን ሁሉ አብሮ መቅበር ነው። ጋቢዎቹን አንድ በአንድ አውርዳ ተነሳች።

«አልታመምኩም» አለች። የድምፅዋ መጥራት ራሷን ገረማት። «ምችም አይደለም። የወር አበባዬ ሊቆም ነው፤ ሙቀቱም የዚያ ነው። ይቺን መስኮት ያስወጡልኝ እማማ ናቸው። ለብርዱ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ግን እዚሁ ተቀምጬ ነው የማለቅሳቸው።»

ብርድ ልብሱን መዝዛ ጣለችና መስኮቷን ገፋቻት። የጮቄ ንፋስ ቤቱን ሞላው።

«ግድግዳውን የቀደድኩት እኔ ነኝ» አለ እንዳላማው ከደጃፍ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እማሆይ ወለተ ኢየሱስ፣ የሰፈሩ መነኩሲት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔን አምስት ዓመት ጠብሶኛል። ቅዳሴ መሃል ይመጣብኛል፤ መንፈስ ነው እንዳይሉኝ ከቅጥሩ ኋላ እሸሸግ ነበር። ምነው አትጠገብ ለኔም በነገረችኝ።»

አንዲት ሴት ሳቀችና ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች። ሌላዋ «እኔን እኮ አርግዛለች ብለው ገንፎ ሊያገነፉልኝ ነበር» አለች። ያቺ ስታንሾካሽክ የነበረችው እንኳ ነጠላዋን ከአንገቷ ላላ አደረገች።

የኔአለም ዳማከሴውን እንደጨበጠች ቀረች። «እናቴ ይኼን ለኔ ሳትነግረኝ ሄደች» አለች። ቆየት ብላም ቀስ ብላ «ስንት ጊዜ ነው የሚቆየው?» ስትል ጠየቀች።

የብርጓል ፈቀቅ ብላ ከመስኮቷ ሥር ቦታ ሰጠቻት። «እንደየሰዉ ነው። ሲስተሯን አብረን እንጠይቃለን።» ከዚያ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው እማማ አትጠገብን አለቀሷቸው። የብርጓል ከሞታቸው ወዲህ እንዲህ እስኪወጣላት አላለቀሰችም ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ለቀስተኛው ሳሳ፤ አንድ ሰውም ለአሮጊቶቹ ብሎ መስኮቷን ዘጋት። ብዙ ሳይቆይ ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። የብርጓል ተነሳች። እጇ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ወደ እማማ አትጠገብ ጋቢ ሄደ፤ አንስታው እሳቸው ወደሚቀመጡበት ጥግ ዞረች። ጥጉ ባዶ ነበር። ጋቢውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸው ያርፍበት በነበረው ልክ ዘረጋችው፣ ዳርና ዳሩን አስተካከለችለት፣ ሄዳም መስኮቷን በደንብ ከፈተቻት።