አየር በአየር ቦምቦሊኖ

በጋምቤላ ክልል የመጀመሪያው ኤር ፍራየር የገባው እኔ ቤት ነው። ይህን የሚክድ ካለ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ። ልጄ ቤዚ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ፤ ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ ያደረሰው ደግሞ ባለ ባጃጁ ጎርደን ነው። ካርቶኑ ከኋላ ሲጫን የባጃጁ የፊት ጎማ ከመሬት ተነሳ፤ ሙሉውን መንገድ በሁለት ጎማ ነው የመጣነው። ጎርደን ዛሬም ድረስ “አምስት ኪሎ አይሞላም ነበር” ይላል። ጥሩ ሰው ነው፤ ክብደት ላይ ግን አይታመንም።

ሰብስቤ እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በዚህች ከተማ ያላስተማርኩት ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ እኔ ያስተማርኩት ሰው አስተምሮታል። ከሥራ ስወጣ የምቀመጠው ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከይሪያ ሻይ ቤት ነው። ማንጎው ሥር ያለችው ወንበር የእኔ ናት። ባሮን በዋና ስሻገር አዞ መንገድ የለቀቀልኝን ታሪክ የተናገርኩት እዚያ ሆኜ ነው። ከባጃጅ የሚረዝም ዓሣ ያጠመድኩትንም እንደዚሁ። መጀመሪያ ሳወራው ዓሣው ክንድ ያህል ነበር ይላሉ። ይሆናል። ጥሩ ታሪክ ይቀለባል፣ የተቀለበ ያድጋል።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመዋል። ከይሪያ ለማፍጠሪያ የሚሆን ቦምቦሊኖ ስትጠብስ፣ እኛ እየተንጠባጠብን ተሰብስበናል። ጎርደን ስኳር በሽታ ስላለበት መራራ ሻዩን ይዟል። እኔ ነገሩን አነሳሁ።

“ከይሪያ፣ እስከ መቼ ነው እሳት ፊት ቆመሽ የምትጠበሺው? እኔ ቤት እኮ ያለ ጠብታ ዘይት ቦምቦሊኖ የሚሠራ መሣሪያ ገብቷል። በአየር ነው የሚጠብሰው።”

“በምን?”

“በአየር። በሞቀ አየር።”

ከይሪያ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀና አለች። “ጋሽ ሰብስቤ፣ በሞቀ አየር ለመጠበስማ መሣሪያ ምን ያደርጋል? በረንዳ ላይ መቀመጥ አይበቃም? እኛ እዚህ ስንጠበስ አይደል የኖርነው?”

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። “ዝም ብሎ ቦምቦሊኖ መሰለሽ? የስኳር ቅብ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊትሽን የምታዪበት!”

“ያንተ ነገር ሁሉ አየር በአየር ነው። እስቲ ሠርተህ አምጣው።”

“ነገ አመጣዋለሁ።”

“ባይሆንልህስ?”

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። “ካንቺው ካነሰ፣” አልኩ፣ “እስከ ፋሲካ ድረስ እዚህ ቤት አፌን አልከፍትም።”

ከይሪያ ጭልፋውን አስቀመጠች፤ ዘይት ላይ ያሉትን ረስታ።

“ወላሂ በል?”

“እመብርሃንን!”

“ምስክር ናችሁ!” ብላ ወደ ሰዉ ዞረች። “በጋምቤላ ሻይ የሚቀዘቅዘው ጋሽ ሰብስቤ ሲያወራ ብቻ ነው። በዚህ ሙቀት! ሰዉ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠው ብርጭቆውን ይረሳል፣ አንድ ሻይ ይዞ ይመሻል። እስከ ፋሲካ በትኩሱ ልንጠጣ ነው በሉኛ!”

“እኔ ካሸነፍኩስ?”

“በራፌ ላይ ‘ሰብስቤ ሻይ ቤት’ ብዬ አጽፋለሁ። በትልቁ፣ በቀይ።”

ለሌላ ሰው ዝም ማለት ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላ የምናገርበት ቦታ የለኝም። ባለቤቴ ሙሉብርሃን ታሪኮቼን ከነመነሻቸው ስለምታውቅ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ወደ ጓዳ ትገባለች። ትምህርት ቤት የማወራው ስለ ደለል ነው። ሰብስቤ፣ ሰብስቤ የሚሆነው ያቺ ወንበር ላይ ነው።

ዳኛ አስፈለገ። ኛሩአች የምትባለውን መረጥን። የድሮ ተማሪዬ ናት፣ አሁን ነርስ ሆናለች፤ ፕሮቴስታንት ስለሆነች ከሁለቱም ጾም ነፃ ናት፤ ወደ ማንም አታደላም። ደግሞ ውሸት አታውቅም። ሌሎች ነርሶች መርፌ ሲወጉ “ትንሽ ነው፣ አያምም” ይላሉ። እሷ “ያማል” ትልና ትወጋለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ቪዲዮ ከፈትኩ። ሹራብ የለበሰች አንዲት ፈረንጅ ዶናት እያለች ታሳያለች። ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ለብ ያለ ውኃ። እንቁላልና ወተቷን ለጾሙ ስል ተውኩላት። እንደ እኔ ሊጥ የሚያሽ ሰው በአገሪቱ የለም፤ ጠረጴዛው ሁለት እግሩ ተላቋል። ሴትዮዋ ቀጥላ “ሙቅ ቦታ አስቀምጡት፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፣ አንድ ሰዓት ጠብቁት” አለች። ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ሳህኑን ከድኜ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ፀሐይ የሚመታው የቆርቆሮ አጥር ሥር አስቀመጥኩት። ጋቢውን ከደብረ ማርቆስ ነው ይዤው የመጣሁት፤ ጋምቤላ ከገባ ጀምሮ ሥራ ያገኘው ያን ቀን ነው።

ገላዬን ታጥቤ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ ስመለስ ሊጡ የለም። ሳህኑ ውስጥ የለም ማለቴ ነው። ክዳኑን አንስቶ፣ ጋቢውን ገልጦ፣ ግቢውን አጋምሶ ወደ በሩ እየሄደ ነበር። ወርቅ ወደሚወጣበት ወደ ዲማ ወረድ ብዬ ልቆፍር ያለ ነው የሚመስለው። ትንሽ ብዘገይ መንገድ ላይ ያለችውን አቦቦን አልፎ ነበር።

ሙሉብርሃን በሩ ላይ ቆማ አየችው።

“ሰብስቤ።”

“አቤት።”

“ሴትዮዋ ሹራብ ለብሳለች።”

“አይቻለሁ።”

“ጋምቤላ ምንድን ናት? ደጋ ናት?”

“ቆላ።”

“ይህን ስንት ዓመት አስተማርክ?”

መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አልመሰለኝም። የሸሸውን ሊጥ ሰብስቤ፣ ማለትም ስሜን ሥራ ላይ አውዬ፣ ወደ ጠረጴዛው መለስኩት። ጠላ ጠላ ይሸታል። በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩት፣ መሐሉን በጠርሙስ ክዳን በሳሁት፣ ወረቀት አንጥፌ ኤር ፍራየሩ ውስጥ ከተትኩ። የመሣሪያውን ኃይል ግን አሳንሼ ገምቼው ኖሯል። ማራገቢያው እንደ ተነሳ ወረቀቱን ከነሊጡ ብድግ አድርጎ ከላይ ካለው ማሞቂያ ጋር አጣበቀው። ጢሱን ያየ ጎረቤት ውኃ ይዞ መጣ።

አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ መብራት ይጠፋል። መብራት ከጠፋ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። በየቀኑ የሚጠፋው መብራት ግን ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቦግ ብሎ ዋለ።

ያለ ወረቀት ሞከርኩ። የወጣውን ነገር ቦምቦሊኖ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ድፍረትስ አላንሰኝም፣ የሚያንሰኝ ጥርስ ነው። አንዱን ለጎረቤት ውሻ ወረወርኩለት። አሸተተው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጥላ ወዳለበት ሄዶ ተኛ።

ጥላው እየረዘመ ነው። ሌላ ሊጥ ለማቡካት ጊዜ የለም። ሌላ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰጥ ነበር። እኔ ወደ ጎርደን ደወልኩ።

“ጎርደን፣ ከይሪያ ቤት ሂድና ስድስት ቦምቦሊኖ ገዝተህ አምጣልኝ። ለማን ነው ካለችህ ለራሴ ነው በል።”

“ለራሴ?”

“አዎ፣ ለራሴ በል።”

“እሺ፣” አለ። ጎርደን ነገር አያበዛም።

ትኩስ ትኩሱን፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ዘይቱ ወረቀቱን እያራሰ ያለውን አመጣልኝ። ሙሉብርሃን ጋዜጣውን አየች፣ ቦምቦሊኖውን አየች፣ እኔን አየች።

“አታፍርም ግን?”

“በምን አፍራለሁ? ዘይቱን እጠርገዋለሁ፣ መሣሪያው ውስጥ ይገባል፣ በአየር ይጠበሳል። በአየር አልተጠበሰም የሚል ማን አለ?”

“እኔ የለሁበትም፣” ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ዘይቱን በሶፍት እየጫንኩ መጠጥኩት። ከዚያ ኤር ፍራየሩ ውስጥ ከትቼ የቀረውንም እስኪተወው ድረስ አሞቅሁት። ስኳሩን ሙቀጫ ውስጥ እንደ ዱቄት አላምኩት፣ በጥቂት ውኃና በሎሚ ጭማቂ በጠበጥኩት፣ ቦምቦሊኖዎቹን አንድ በአንድ ነከርኳቸው። አብረቀረቁ። ፊቴን አየሁባቸው፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላኝ ሆኜ ነው የታየሁት።

ሴትዮዋ “ቅቡ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል” ብላ ነበር። ሲቀዘቅዝ። ጋምቤላ፣ በመጋቢት። በጎርደን ባጃጅ ስንሄድ ቅቡ ከቦምቦሊኖው ወደ ትሪው፣ ከትሪው ወደ ሱሪዬ ወረደ። የከተማው ዝንብ በሙሉ አጀበን፤ እንደዚያ ያለ አቀባበል ለባለሥልጣንም ተደርጎ አያውቅም።

ሻይ ቤቱ ሞልቶ ጠበቀን። ፀሐይ ባሮ ላይ ተኝታለች፤ ልብስ ያጠቡ ሰዎች ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ቀና ብለው ያዩናል። አዛን ተባለ፤ ከይሪያ በተምር አፈጠረች፣ ውኃ ጠጣች፣ የራሷን ሳህን አምጥታ ከእኔ ትሪ ጎን አስቀመጠች። አንድ ሊጥ፣ አንድ መጥበሻ፣ ሁለት ሳህን። እዚያ ካለነው ይህን የምናውቀው እኔና ጎርደን ብቻ ነን። ልቤ ሙሉ ነበር። እኩል ናቸው ብትል እንኳ አላነሰም ማለት ነው፤ አላነሰም ማለት ደግሞ አሸነፍኩ ማለት ነው። በራፉን እያየሁ ቀዩ ቀለም የት ጋ እንደሚያምር አሰብኩ።

ኛሩአች እጇን ታጥባ ተቀመጠች። የከይሪያን ቀመሰች። የእኔን ቀመሰች። ውኃ ጠጣችና የእኔን ደገመች።

“ቲቸር፣ እውነቱን ነው የምትፈልገው?”

“እውነቱን! ከእውነት ሌላ ምን አስተማርኩሽ?”

“እንግዲያው ያማል፣” አለች። “የከይሪያ ለስላሳ ነው። ያንተ ደርቋል፣ እንደ ፋሻ ነው የሚታኘከው። ስኳሩም እጄ ላይ ነው ያለው። የከይሪያ ይሻላል።”

ጩኸቱን ባሮ ማዶ ያሉት ሰምተውታል። ከይሪያ እጇን ወደ ትሪዬ ሰደደች፣ ቆረሰች፣ ቀስ ብላ አኘከች።

“ሊጡ አልታሸም፣” አለች። “እርሾም በዝቶበታል። እጇ የማይጣፍጥ ሴት የሠራችው ነው የሚመስለው።”

ቦምቦሊኖው በሰው ፊት፣ በገዛ እናቱ ተካደ። አፌን ከፈትኩ። “ያንቺው ነው!” የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል። ከተናገርኩት ከይሪያ በሕይወቷ የማትረሳው ውርደት ነው። ግን ያው ቃል እኔንም ይዞኝ ይወርዳል፤ ያንቺው ነው ካልኩ የእኔው የት ነው ሊሉኝ ነው። አፌን ዘጋሁ።

“ምን ልትል ነበር ጋሽ ሰብስቤ?” አለችኝ ከይሪያ።

“ምንም።”

“በቃ! ሰምታችኋል፤ የመጨረሻ ቃሉ ‘ምንም’ ነው!”

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መቅረት እችል ነበር፣ ግን ወንበሯን ሌላ ሰው ይይዛታል። ከይሪያ ሻይ አመጣችልኝ። በልማዴ ፉት አልኩት፤ በዚያ ቤት ሻይ ትኩስ እንደሆነ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ምላሴ ተላጠ። “ውይ” ማለት አልተፈቀደልኝም።

ዝምታው ሲረዝም ሰው ጨነቀው፤ አንዱ “እስቲ የአዞውን ታሪክ የሚያወራልን የለም?” አለ። ጎርደን፣ ነገር የማያበዛው ጎርደን፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እኔ ያን ቀን ዳር ላይ ነበርኩ፣” አለ። “አዞ አልነበረም። እንጨት ነው። ውኃው ገፍቶት አለፈ።”

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

በዚህ መሐል ከይሪያ አንድ ቦምቦሊኖ በሳህን ይዛ መጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ዘይቱ ገና ያብረቀርቃል። “ብላ፣ የጾም ነው። ይሄኛው ግን አደራ፣” አለችኝ ዝቅ ብላ፣ “ማሽኑ ውስጥ እንዳትከተውና እንዳታደርቅብኝ።”

ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች። “ጎርደን! ስኳርህ እንዴት ነው? ትናንት የወሰድካቸውን ስድስቱን ጨረስካቸው?”

ጎርደን ወደ ባሮ አየ። እኔም ወደ ባሮ አየሁ። ኛሩአች ሻይዋ ትን አላት።

ፋሲካ ገና ሩቅ ነው። ጎርደን ደግሞ በየማታው ወሬ ጀምሯል፤ ዓሣው ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። አፌን አልከፍትም ብዬ ምያለሁ፣ መሐላዬንም አከብራለሁ፤ ስለ እጄ ግን ማንም ምንም አላለኝም። ስለዚህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ፤ ማንጎው ግንድ ላይም እለጥፈዋለሁ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያንብበው። በቦምቦሊኖው ጉዳይ ከይሪያ አሸንፋለች፣ አልከራከርም።

አዞው ግን አዞ ነበር።