ድምፅዎ ግን ይችላል

ተራኪዋ ከውሏ ልትሰናበት የሄደችው አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ፣ የሐኪም ማስረጃ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ታናሽ ወንድሟን አስከትላ ነበር። ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የመጣው ግን አፍ ሊሆናት ነው። ሐኪሙ ከጉሮሮዋ እጢ ቆርጦ ካወጣ ወዲህ የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ስለሆነ፣ የምትለውን በጆሮው ትነግረዋለች፣ እሱ ደግሞ ጮክ ብሎ ያሰማላታል። ችግሩ፣ ይህ ወንድሟ ደንበኛ እንዳይቀየመው ሲል ነገርን ሁሉ እያለሳለሰ የሚኖር ሰው ነው።

ጉዳዩ ቀላል መስሏት ነበር። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ለራዲዮ ከዳር እስከ ዳር ልትተርክ ከቀረጻ ድርጅቱ ጋር ተዋውላ፣ ግማሹን አለፍ እንዳለች ድምጿ ጠፋ። ሐኪሙም አይመለስም አለ። ውሉ ላይ ደግሞ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም ተዋዋዩ ከግዴታው ነፃ ይሆናል የሚል አንቀጽ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የተራኪ ጉሮሮ መቀደድ ከአቅም በላይ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ቀሪውን ሌላ ሰው እንዲያነበው አደራ ብላ፣ ተሰነባብታ ልትወጣ ነበር ሐሳቧ።

ሥራ አስኪያጁ እስከ በሩ ድረስ መጥቶ ተቀበላቸው። ሻይ አዘዘ። ማስረጃውን አንብቦ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለ፦

«እህታችን፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ከአቅም በላይ የሚባለው እኮ ነገሩ ጭራሽ የማይቻል ሲሆን ነው። ይሄ ይቻላል።»

«እንዴት ሆኖ?» አለ ወንድሟ፣ ሳይነገረው።

«እሳቸው አይችሉም። ልክ ነው፣ እርስዎ አይችሉም» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዞር ብሎ፤ «ድምፅዎ ግን ይችላል።»

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ተጫነ። የድሮው ድምጿ፣ ያ ሞልቶ የሚፈሰው ድምጿ፣ አንድም ቀን ማይክ ፊት ያላነበበችውን ምዕራፍ ይተርክ ጀመር። በታሪኩ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን እየቀበረች ነው። ድምፁ ግን ነገ ፀሐይ ትወጣለች እንደሚል ሰው ፈካ ብሎ ይናገራል። ተራኪዋ ያን ምዕራፍ ስትደርስበት እንዴት እንደምታነበው ስንት ጊዜ አስባበታለች፤ የት ላይ ዝም እንደምትል ሁሉ ታውቀው ነበር።

ከየት እንዳመጡት ለመገመት ብዙ አልተቸገረችም። ጠዋት ጠዋት ከቀረጻ በፊት የድምፅ ባለሙያው «ማይኩን ልለካ፣ የመጣልሽን አውሪ» ይላታል። እሷም ታወራ ነበር። ሾፌሮችን ትራገማለች፣ ትስቃለች፣ ስለ እናቷ ሕመም ታነሳለች፣ አንዳንዴም እንባዋ ይቀድማታል። ለወዳጅ ያወራች መስሏት። ለካ አንዷም ቃል አልተጣለችም፤ ሁሉንም አጠራቅመው፣ በእሷ ድምፅ እንዲናገር ለማሽን አስጠንተውታል! እስቲ አሁን ይህ የሰው ሥራ ነው?

ደሟ ፈላ። የወንድሟን ጆሮ ስባ «ሌባ በለው!» አለችው።

«እህቴ ትንሽ ቅር ብሏታል» አለ ወንድሟ።

«ሳልሞት ነው የዘረፍከኝ በለው!»

«አስቀድመው ቢያማክሯት ይሻል ነበር ትላለች።»

ጭኑን ቆነጠጠችው። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ እንዳለ ነው።

«ውሉ የሚለው ‹በተራኪዋ ድምፅ› ነው። እኛም ያቀረብነው በእርስዎው ድምፅ ነው። እንዲያውም ካሰቡት፣ ግዴታዎን እየተወጣንልዎት እኮ ነው!»

ብድግ አለች። ሰው በዕድሜው አንድ ቀን እሪ ማለት ካለበት ያ ቀን ዛሬ ነበር። አፏን ከፈተች፤ የአንገቷ ሥር ተገታተረ፤ የወጣው ግን አየር ብቻ ነው።

«ይረጋጉ እንጂ» አለ ሰውየው፣ «ለጉሮሮዎ ጥሩ አይደለም።»

ወንድሟን አገንፍሎ ያስነሳው ይሄ ነው። ዕድሜ ልኩን ያለሳለሰው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ወጣበት። «ሌባ ነህ ትልሃለች! እስካሁን የደበቅኩልህ እኔ ነኝ። ሌባ ነህ፣ እኔም እልሃለሁ!»

«ፍርድ ቤት መሄድ መብታችሁ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሻዩን ፉት እያለ። «ክሱ እስኪታይ ግን መጽሐፉ ተተርኮ ያልቃል። የዛሬው ክፍል አሁን ከሰዓት ይተላለፋል።»

ወንድሟ ደንበኛው የሆነ ጠበቃ ጋ በቀጥታ ልሂድ ብሎ ከመንገድ ተለያት። እሷም እከሳለሁ፣ ዓመትም ቢፈጅ አልለቃቸውም እያለች፣ ለራሷ እያንሾካሾከች ቤቷ ደረሰች።

እናቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ራዲዮኑን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትረካውን ታዳምጣለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሮዋም ካልጮኹለት አይሰማም። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የልጇ ሹክሹክታ ደርሷት አያውቅም፤ መዳፏን ጨበጥ ስታደርግላት ብቻ ነው መምጣቷን የምታውቀው። አሁንም ጨበጠቻት። አሮጊቷ ፊቷ በራ፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች።

«ዳንሽልኝ! ድምፅሽ ተመለሰ! የኔ ልጅ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

ተራኪዋ ተንበረከከች። ከንፈሯን የእናቷ ጆሮ ላይ አድርጋ ባላት አቅም ሁሉ «እማዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለች። «እኔ አይደለሁም፣ ሰርቀውኝ ነው፣ እማዬ!»

እናቷን የነካት ትኩስ ትንፋሽ ብቻ ነው። እጇን ዘርግታ በዳሰሳ የልጇን አፍ አገኘችውና በቀስታ ከደነችው።

«ዝም በይ እስቲ» አለቻት፣ «ልስማሽ።»